ሁለተኛው ቁልፍ

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ውስጥ ከምንም በላይ የተትረፈረፈው ነገር ቁልፍ ነው። የኮት፣ የሸሚዝ፣ የሕፃን ልብስ፣ ባለ ሁለት ቀዳዳ፣ ባለ አራት ቀዳዳ፣ ከአሮጌ ካፖርት ተፈትቶ «አንድ ቀን ይፈለጋል» ተብሎ የተቀመጠ፣ ሁሉም በወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ይንኳኳል። ቢቆጠር ሺህ ይደርሳል። የበሩ ቁልፍ ግን አንድ ብቻ ነበር። እሱም ኪሴ ውስጥ።

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለዚያ ስለ አንዱ ቁልፍ ነው። ቡናችሁን ይዛችሁ ጠጋ በሉ። በተለይ እናንተ ሱቁን ከፍታችሁ፣ ጠርጋችሁ፣ ሠርታችሁ፣ ሸጣችሁ፣ ተጣልታችሁ፣ ታርቃችሁ፣ ማታ ደግሞ ራሳችሁ የምትቆልፉት። ሠራተኛ የሌላችሁ፣ ሸሪክ የሌላችሁ፣ «ሥራ እንዴት ነው?» ስትባሉ «ተመስገን» ብላችሁ የምታልፉት። እንተዋወቃለን።

ከመቀጠር ወጥቼ የራሴን ሱቅ ሳሪስ ስከፍት ትልቁ ደስታዬ አለቃ አለመኖሩ ነበር። ሲገባኝ አለቃው አልጠፋም፤ እኔው ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ሥራ አስኪያጁ እኔ፣ ሠራተኛው እኔ፣ ተላላኪው እኔ፣ ጥበቃውም እኔ። ስብሰባ የሚባለው ጨርቅ እየቀደድኩ ከራሴ ጋር የማወራው ነው። ስብሰባው ላይ ተቃውሞ ኖሮ አያውቅም፤ ሁሉም ውሳኔ በሙሉ ድምፅ ነው የሚያልፈው። አባቶቻችን «ብቻውን የሚሮጥ የሚቀድመው የለም» ሲሉ እያመሰገኑት ይመስለኝ ነበር። ለካ እየሳቁበት ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ የመጣው ከእቁብ ነው። በሠፈራችን ያለን ነጋዴዎች ቅዳሜ ማታ የምንጥለው የሳምንት እቁብ አለ። ሥጋ ቤቱ ጓሮ፣ ጠባብ አግዳሚ ላይ ተደርድረን፣ ጸሐፊው ስም እየጠራ፣ ብር እየተቆጠረ፣ ዕጣው ከቆብ ውስጥ ይወጣል። ለዓመታት ስጥል አንድም ቀን ከማንም ጋር ከሰላምታ ያለፈ ወሬ አላወራሁም። ጥዬ እሮጣለሁ። ሥራ አለብኝ። አንድ ቅዳሜ ስሜ ወጣ። ኦቨርሎክ መኪና ልገዛበት ስንት ወር ያሰብኩበት ብር ነው። እጄን ስዘረጋ ዳኛው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ዋስህ ማነው?» አሉኝ።

«ወንድሜ አለ፤ ነገ ይዤው እመጣለሁ» አልኩ።

«ወንድምህ እቁባችን ውስጥ የለም። ከመካከላችን፣ ገና ካልበላ ሰው ነው የምንፈልገው።»

ዞር ብዬ አየሁ። ሃያ ምናምን ሰው ተቀምጧል። ባለ ኤሌክትሪክ ዕቃው፣ ባለ ዳቦ ቤቱ፣ ጎማ ጠጋኙ፣ አጠገቤ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ጎረቤቴ። የሁሉንም ሱቅ አውቃለሁ። የአንዳቸውን ልጅ ስም አላውቅም። እነሱም ሲተያዩ አየሁ። ዋስ የሚሆነኝ ሰው እኮ ክፉ ሰው ስለሆንኩ አይደለም የጠፋው፤ ማን እንደሆንኩ የሚያውቅ ስለሌለ ነው። በመጨረሻ ፎቶ ኮፒዋ፣ «እኔ እሆነዋለሁ። ማታ ማታ መብራቱ ሳይጠፋ አራት ሰዓት ይሆናል፤ የሚሠራ ሰው ነው» ብላ ፈረመች። ያወቀችኝ በመብራቴ ነው።

እቁብን ብዙዎቻችን የምናየው እንደ ባንክ ነው። ወለድ የለውም፣ ቢሮ የለውም፣ ጥሩ ነው። ግን ባንክ ውስጥ ተበዳሪው ተበዳሪውን አያውቀውም። እቁብ ውስጥ ገንዘቡን የሚያቆመው መተዋወቁ ነው፤ መተዋወቁ ከሌለ ብሩም የለም። እኔ ብሩን ብቻ እየወሰድኩ ዋናውን ዕቃ አግዳሚው ላይ ጥዬ ስሄድ ኖሬአለሁ። እርግጥ ዛሬ ሰው ዋስ ማጣት ብቻውን መንገድ አይዘጋም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረትን መያዣ አድርጎ መበደርን ፈቅዷል፤ ቤትና መሬት የሌለው ሰው ማሽኑን፣ ዕቃውን ማስያዝ ይችላል። የስፌት መኪናዬ ዋሴ ልትሆን ትችላለች ማለት ነው። ደስ ይላል። ግን መኪናዬ ዋስ ብትሆነኝም «ተው፣ አሁን አትበደር» አትለኝም።

ሁለተኛው ጥያቄ የመጣው ከአልጋ ላይ ነው። ታይፎይድ ነው ተባልኩና ዘጠኝ ቀን ተኛሁ። ቤቴ አያት ነው፤ ሱቄ ሳሪስ። ስልኬ ባትሪው አልቆ ትራሱ ሥር ተኝቷል፤ እኔም እንደዚያው። እሑድ የሚሞሸር አንድ ደንበኛ ዓርብ ኮቱን ሊወስድ መጣ። ተዘግቷል። ቅዳሜ ጠዋት መጣ። ተዘግቷል። ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት አጎቶቹን ይዞ መጣ፤ አንደኛው አጎት ብረት ይዟል። ሙሽራን ማን ይከሰዋል? ሊሰብሩት ነው።

ፎቶ ኮፒዋ በሩ ላይ ቆመች። ኋላ እንደነገሩኝ፣ «ቁልፉን ከምትሰብሩ አንድ ሰዓት ስጡኝ» ብላ የባለቤቴን ስልክ ስታፈላልግ ቆየች። ያገኘችው ከእቁቡ ጸሐፊ ነው፤ ዕጣው የደረሰኝ ጊዜ እቁቡ መዝገብ ላይ ተጽፎ ነበር። ባለቤቴ ቁልፉን ከኪሴ አውጥታ፣ ከአያት መገናኛ፣ ከመገናኛ ሳሪስ ሁለት ታክሲ ተሳፍራ ደረሰች። በሩ ተከፈተ። ኮቱ ተሰቅሏል። ተተኩሷል። ያምራል። ቁልፍ ግን አልተተከለበትም።

ሺህ ቁልፍ ያለበት ሱቅ ውስጥ ሙሽራው ኮት ላይ ቁልፍ የለም። በሩ በአንድ ቁልፍ እጦት ተዘግቶ ሲከፈት ደግሞ ሌላው ቁልፍ ጎደለ። ፎቶ ኮፒዋ ከጣሳው ሦስት ተመሳሳይ ፈልጋ፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጣ፣ በእጇ ተከለቻቸው። መካከለኛው ትንሽ ወደ ግራ ዘምሟል። ሙሽራው ደረቱን ቀና አድርጎ አገባበት። የሠርጉን ፎቶ አሳይቶኛል፤ እኔ የማየው ቁልፉን ብቻ ነው፤ እሱ ግን ሚስቱን ነው የሚያየው። ተገላገልኩ።

ተኝቼ ያሰብኩት ምን መሰላችሁ? ሞቼ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ነገር ተዘጋጅቷል። የእድሩ ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበርና ሰሃን ይመጣል፣ ሦስት ቀን ሰው አይለየኝም። ሥራዬ ሲታመም ግን ጥሩምባ የሚነፋለት የለም። ለሞት እንዲህ የተደራጀን ሰዎች፣ ሱቅ ለሚዘጋ ሰው ምን አዘጋጀን? አልኩ። መልሱ ግን ያው እድሩ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። እመጣበታለሁ።

ሦስተኛውን ጥያቄ የጠየቀኝ ሕጉ ነው። ሥራዬን ወደ ድርጅት ላሳድገው ብዬ አንድ ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ሄድኩ፤ በዣንጥላው ሥር የማመልከቻ ክምር ይዞ የሚቀመጥ፣ ከብዙ ጠበቃ የተሻለ የሚያስረዳ ሰው ነው። በድሮው፣ በ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ስንቱ ነጋዴ ሚስቱን ወይም ወንድሙን በወረቀት ባለድርሻ አድርጎ ሥራውን ብቻውን ሠራ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ይህን ማስመሰል አስቀረ፤ አንድ ሰው ብቻውን ማኅበር ማቋቋም ይችላል። «ባለ አንድ አባል» ይሉታል። አንድ ሰው ማኅበር መሆኑ ራሱ ያስቃል፤ ግን ጥሩ ሕግ ነው፤ የሱቅ ዕዳ ቤትና ትዳር ድረስ እንዳይከተል ያግዛል።

«እሺ፣ ልክ ለኔ የተሰፋ ነው» አልኩት።

«ቆይ» አለኝ ብዕሩን ጆሮው ላይ ሰክቶ፤ «አንተ ብትሞት ወይም አቅልህን ብትስት በእግርህ የሚተካ ሰው ስም አምጣ። ሕጉ ይጠይቃል።»

እንግዲህ ተመልከቱ። እቁቡ «ዋስህ ማነው?» አለኝ። ሕመሙ «ቁልፉ ማን ጋር ነው?» አለኝ። አሁን ደግሞ ብቻህን ሁን ብሎ የፈቀደልኝ ሕግ ራሱ «ከአንተ ሌላ ማን አለ?» ይለኛል። ሦስቱ አልተመካከሩም። ጥያቄው ግን አንድ ነው።

ያኔ ድጋፍ ፍለጋ ወጣሁ። ድጋፍ ስንል አእምሯችን ውስጥ የሚመጣው አንድ ትልቅ ሰው ነው፤ ገንዘብ ያለው፣ የሚያውቅ፣ የሚያስጠጋ። እንዲህ ያለ ሰው ስንጠብቅ ዕድሜ ያልቃል። ሥልጠናም አለ፣ አልንቀውም። በ2005 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ የተቋቋመው የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ማዕከል፣ ዛሬ ኢንስቲትዩት የሆነው፣ ኤምፕሬቴክ የሚባለውን ሥልጠና ይሰጣል፤ ፕሮግራሙ በ1988 እ.ኤ.አ. አርጀንቲና ተጀምሮ ስንቱን አገር የዞረ ነው። ወረዳ ላይ ጥቃቅንና አነስተኛ ሥራዎችን የሚደግፍ ጽሕፈት ቤት አለ። ከ1939 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤትም አለ፤ ነጋዴና ነጋዴ ሲጣላ ፍርድ ቤት ሳይደርሱ የሚዳኙበት የግልግል ተቋም አለው። እነዚህን አንኳኩ። እኔ በበኩሌ ከተካፈልኳቸው ሥልጠናዎች ሁሉ ብዙ የተማርኩት በሻይ ሰዓት ነው፤ ብስኩት ይዞ አጠገቤ የቆመ ሰው «እኔማ ባለፈው ዓመት ልከስር ነበር» ሲለኝ። አዳራሹ ውስጥ ሁሉም አትራፊ ነው። እውነቱ ያለው ቴርሞሱ አጠገብ ነው።

ቤተሰብስ? ቤተሰብ ትልቅ ነው። ባለቤቴ «አይዞህ» ትለኛለች፤ እናቴ «አይዞህ ልጄ» ትላለች። አይዞህ ባይ አያሳጣችሁ፤ ያለሱ ጠዋት በሩን የሚከፍት ጉልበት የለም። ግን ለአምስት ዓመት «አይዞህ» ሲባል የኖረ ልብስ ሰፊ፣ ልብሱን በኪሳራ እየሸጠም «አይዞህ» ይባላል። የሚወደን ሰው ደብተራችንን አያይም፤ ፊታችንን ነው የሚያየው። ብቻውን የሚሠራ ሰው አይዞህ ባይ አላጣም። ያጣው ተው ባይ ነው።

ተው ባዬን ያገኘሁት እድር ላይ ነው። የእድራችን ሒሳብ ሹም ዕድሜያቸውን ሙሉ ሒሳብ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ጋሼ ናቸው። በወር አንድ እሑድ የእድር መዋጮ ይሰበስባሉ፤ ከዚያ በኋላ ሥራ የላቸውም። አንድ እሑድ ሰው ሲበተን ደብተሬን ከጃኬቴ ሥር አውጥቼ፣

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ያዩልኛል?» አልኩ።

ላቤ ሲወርድ ይታያችሁ። ብር መበደር ያን ያህል አያሳፍርም፤ «አበድሩኝ» ማለት ለምደናል። «ደብተሬን እዩልኝ» ማለት ግን ሸሚዝ ማውለቅ ነው። ምን ያህል እንደማላተርፍ፣ ማን ዱቤ ወስዶ እንደቀረ፣ የት እንደተሸወድኩ፣ ሁሉም እዚያ አለ። ጋሼ ብዕራቸውን አወጡ፤ የተማሪ ዩኒፎርም የሚለው ላይ ጣታቸውን አኖሩ።

«ስንት ነው የምትሸጠው?»

«900 ብር።»

«ጨርቁ?»

«520።»

«ክሩ፣ ዚፑ፣ ቁልፉ፣ ገበሩ?»

«ተደምሮ 90። የትምህርት ቤቱን ዓርማ የሚጠልፍልኝ ሰው 80 ይወስዳል።»

«ኪራይና መብራት?»

ገና ያን ጊዜ ነው ያሰላሁት። ለአንድ ልብስ ሲካፈል 110 ሆነ። ጋሼ ደምረው 800 ብለው ጻፉና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመሩበት።

«100 ብር ቀረህ። በቀን ስንት ልብስ ታወጣለህ?»

«ከበረታሁ ሁለት።»

«200 ብር። አሁን ንገረኝ፤ የሰፊው ደሞዝ የት ተጻፈ?»

«ሰፊው እኔ ነኝ እኮ።»

«አውቃለሁ። ያልተከፈለው አንተ ነህ። አንተ ልጅ፣ ሲሚንቶ የሚያቦካ የቀን ሠራተኛ እኮ ከአንተ የተሻለ ያገኛል። ይህ ሠራተኛህ ቢከስህ ይረታሃል።»

ሳቅን። ከዚያ ዝም አልን። በነሐሴ የዩኒፎርም ሰሞን 40 ልብስ ሰፍቼ፣ 20 ቀን ሙሉ እስከ ማታ ቆይቼ፣ ሥራ በዛልኝ ብዬ ተመስገን ብዬ ነበር። ሥራ በዛልኝ እንጂ ገቢ አልበዛልኝም። ይህንን ለማወቅ አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ብዕርና አሥር ደቂቃ በቂ ነበር። አምስት ዓመት የፈጀብኝ ደብተሩን ከጃኬቴ ሥር ማውጣት ነው።

ጋሼ የሰጡኝ ምክር ውስብስብ አይደለም። ለራስህ ደሞዝ ጻፍ፤ ባትወስደውም ጻፈው። የሱቁንና የቤቱን ገንዘብ ለያይ፤ በአንድ ቴሌብር ላይ የደንበኛ ክፍያና የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ከተቀላቀለ ማትረፍህን የምታውቀው በሕልምህ ነው። በወር አንዴ፣ መዋጮ በምንሰበስብበት እሑድ፣ ደብተሩን አምጣ። እኔም ሒሳባቸውን እንዳላስቀር ሱሪያቸውን አሳጥርላቸዋለሁ። እሳቸው ግን የሚደሰቱት በሱሪው አይመስለኝም። ለካ ሥራ ያጣ ዕውቀትም ብቸኛ ነው።

በሌላ አገር ይህንኑ ነገር በማኅበር አደራጅተውታል። አሜሪካ ውስጥ ስኮር የሚባል፣ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ድርጅት አለ፤ በሥራ ዓለም የኖሩ፣ ብዙዎቹ ጡረተኞች የሆኑ ሰዎች ለትንንሽ ነጋዴ በነጻ ምክር ይሰጡበታል። የእኛም ሰዎች እዚያው ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን ውስጥ በ1983 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ምክር ቤትን አቋቁመው ነበር፤ ዛሬ ከየአገሩ ለመጣ ስደተኛ ሁሉ የሚደርስ ሆኗል፤ ሥራ ለሚጀምር ሰው አነስተኛ ብድርና ምክር የሚሰጥ ክንፍም አለው። ታዲያ እዚያ የሚኖሩ ዘመዶቻችን እቁባቸውን አልተዉም። ባንክ ሞልቶ እቁብ የሚጥሉት ለምን ይመስላችኋል? የብድር ታሪክን መዝግቦ የሚይዝ ኮምፒዩተር «ዘንድሮ ፊትህ ከስቷል፣ ሱቁ ሰላም ነው?» ብሎ አይጠይቅም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነው። ከመንገዱ ማዶ ሌላ ልብስ ሰፊ አለ። ለሦስት ዓመት ሰላም አንባባልም ነበር። ጥል የለንም፤ ተፎካካሪ ነን፣ በቃ። ገበሬው ግን ወንፈል የሚገባው ከማን ጋር ነው? ከነጋዴ ጋር አይደለም፤ እንደሱ ከሚያርስ ጎረቤቱ ጋር ነው። ዛሬ ያንተን፣ ነገ የኔን። ደቦ ጠርቶ ለማብላት አቅም የሌለው ሰው እንኳ በወንፈል ጉልበት ያገኛል፤ የሚከፍለው ያንኑ ጉልበቱን ስለሆነ። ከተማ ውስጥ የችግሬን ቋንቋ የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር ያ ማዶ ያለው ሰው ነው። የክር ዋጋ ሲጨምር እኔ ስተክዝ እሱም ይተክዛል።

በሚቀጥለው ነሐሴ ተሻግሬ ሄድኩ። «40 ዩኒፎርም ይዣለሁ፤ ሱሪ አቆራረጥ ትበልጠኛለህ» አልኩት። መቀሱን አስቀምጦ ረጅም ጊዜ አየኝ። «ኮት ላይ አንተ ትሻላለህ» አለ በመጨረሻ። አሁን እሱ ሱሪውን፣ እኔ ኮቱን። ዋጋውንም ጋሼ ባሉት ልክ ሁለታችንም ከፍ አደረግን። ተፎካካሪዬ ርካሽ ስለሚሸጥ ነው ብዬ የማልጨምረው ዋጋ፣ እሱም በእኔ አሳቦ ሳይጨምረው ኖሯል። አንዳንድ ደንበኛ ሄደ። የቀረው በቂ ነው።

እና ተተኪ ብሎ ሕጉ ለጠየቀኝ ጥያቄ የባለቤቴን ስም ሰጠሁ። ለጓደኞቼ ዋስ መሆንም ጀምሬአለሁ፤ ለሁለት ሰው ፈርሜአለሁ፣ ቅዳሜ ማታም እንደ ድሮው ጥዬ አልሮጥም፤ የጎማ ጠጋኙ ሦስት ሴት ልጆች እንዳሉት፣ የመጨረሻዋም ልብስ ስፌት መማር እንደምትፈልግ አውቄአለሁ። የበሩን ቁልፍ አስቀርጬ ሁለተኛውን ለፎቶ ኮፒዋ ሰጠኋት። በማግስቱ የራሷን አምጥታ ክር ከምሰቅልበት ምስማር ላይ ሰቀለችው። ምንም አላለችም። እኔም አላልኩም።

ባለፈው ማክሰኞ ልጄ ታሞ ቀረሁ። ስልኬ ተከፍቷል፤ ማንም አልደወለም። ሮብ ስገባ ተሰቅሎ የነበረው ግራጫ ኮት የለም። ብሩ መሳቢያ ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል። ደብተሬ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ፣ በእሷ የተንጋደደ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦

«ኮቱን ሰጥቻለሁ። 600 ብር ተቀብያለሁ። ለዚህ ኮት 600? ተው እንጂ!»